የሌሊት ወፍን ከማባረራችሁ በፊት ቤት ሥሩላት

ልጆቼ፣ ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ሕንጻ ጥገና ነው። ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ፣ ቧንቧ። ዛሬ ግን የምጽፍላችሁ ስለ የሌሊት ወፍ ነው። በየሰፈራችሁ መናፈሻ ችግኝ ስትተክሉ፣ ቆሻሻ ስታነሱ አያችኋለሁ። ይህንንም ብትጨምሩበት ብዬ ነው።

ወጣት ሳለሁ በስምጥ ሸለቆ ባለች አንዲት ከተማ እሠራ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ጣሪያ ሥር የሌሊት ወፍ ሞልቷል። ኮርኒሱ በኩሳቸው ቡናማ ሆኗል፤ ሽታው ሠራተኛውን አስመርሯል። አስወግድ ተባልኩ። እንዳልገድላቸው ብዬ ማታ ጠበቅኩ። ወጥተው ሲያልቁ መሰላል ላይ ወጥቼ ቀዳዳውን ሁሉ በሲሚንቶ ደፈንኩ። ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ከኮርኒሱ ውስጥ ሲር ሲር የሚል ቀጭን ድምፅ ይሰማል። መብረር ያልጀመሩት ልጆች ውስጥ ቀርተዋል ለካ! ማታ እናቶቹ መጥተው በደፈንኩት ቀዳዳ ዙሪያ ሲዞሩ፣ ግድግዳውን ሲቧጥጡ አየሁ። በሦስተኛው ቀን ድምፁ ጠፋ። ኮርኒሱን ስከፍተው አውራ ጣት የሚያካክሉ፣ ጠጉር እንኳ በወጉ ያላበቀሉ ልጆች አንድ ጥግ ላይ ተጠጋግተው ሞተዋል። እስካሁን ከዓይኔ አልጠፉም።

የሌሊት ወፍ ወፍ አይደለችም፤ ልጇን ታጠባለች። አብዛኞቹ ዝርያዎች በዓመት አንድ ብቻ ነው የሚወልዱት። አይጥ ቢሞት ቶሎ ይተካል። እሷ ግን አንዴ ከተመታች ለማገገም ብዙ ዓመት ይፈጅባታል።

ጥቅሟን ለገበሬ ልጅ መንገር አያስፈልግም። በቆሎውን የሚጨርሰው ተምች እናቱ በሌሊት የምትበር የእሳት እራት ናት፤ የሌሊት ወፍ ደግሞ እንዲህ ያሉትን አድና ትበላለች። ፍሬ በሎቹ የሾላና የዋርካ ዘር ከቦታ ቦታ ያደርሳሉ። ወባን ታጠፋለች እያላችሁ ግን አትስበኩ። ትንኝም ትበላለች፣ አጎበርን ግን አትተካም። ያልተረጋገጠ ተስፋ ሰጥታችሁ ሰው ሲያዝንባችሁ፣ የምትጎዳው እሷው ናት።

አሜሪካ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ጌንስቪል የሚባል ከተማ አለ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1987 እዚያ ባለው ዩኒቨርሲቲ አንድ ሕንጻ ተቃጠለና ጣሪያው ውስጥ የነበሩት የሌሊት ወፎች ወደ ስታዲየሙ ገቡ። ተመልካቹ በመጥፎ ጠረናቸው ተማረረ። ዩኒቨርሲቲው በ1991 በምሰሶ ላይ የቆመ ትልቅ የእንጨት ቤት ሠራላቸው፤ ይዘውም አስገቧቸው። ጥለውት ሄዱ። ቤቱ ለዓመታት ባዶውን ቆየ ማለት ይቻላል። በኋላ ግን በራሳቸው ጊዜ መጡ፤ ዛሬ በመቶ ሺዎች ይኖሩበታል፣ ሰውም አመሻሹ ላይ ሲወጡ ለማየት ይሰበሰባል። ያ ቤት በመጀመሪያው ዓመት ፈርሶ ቢሆን ኖሮስ?

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ሻካራ ጣውላ ወይም ኮምፔንሳቶ ይበቃል። ቁመቱ ስልሳ፣ ወርዱ አርባ ሴንቲሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ውስጡን አትላጉት፤ እንዲያውም በመጋዝ ጫሩት፣ ጥፍሯ የሚይዘው ትፈልጋለች። በጣውላዎቹ መሃል ሁለት ሴንቲሜትር ብቻ ተዉ። ሰፊ ቤት አትወድም፤ ጀርባና ሆዷ ሲነካ ነው ደህንነት የሚሰማት። ከታች ክፍት ይሁን፣ የኋላው ጣውላ ግን ማረፊያ እንዲሆናት ትንሽ ረዘም ይበል። የምስጥ መድኃኒት የተቀባ እንጨት ፈጽሞ አትጠቀሙ።

ስትሰቅሉት ከመሬት ቢያንስ አራት ሜትር ከፍ አድርጉት። ደጋ ከሆነ ፀሐይ በደንብ ያግኘው። ቆላ ላይ ግን ሙቀቱ ልጆቹን ሊገድል ስለሚችል ነጣ ያለ ቀለም ቀቡት፤ ከተቻለ አንዱን ፀሐይ፣ ሌላውን ከፊል ጥላ ላይ አድርጉ፣ እሷ ትምረጥ። ደን ውስጥ ከሆነ ደግሞ ባዶ ሆድ ያለውን አሮጌ ዛፍ ከመቆረጥ አድኑ። የእኛ ሳጥን እሱን አይተካም። ፍሬ በሎቹማ ሳጥን ውስጥ አይገቡም፣ ዛፍ ነው የሚፈልጉት።

በባዶ እጃችሁ ግን አትንኳት። በተለይ ቀን መሬት ላይ ወድቃ ያገኛችኋትን። የእብድ ውሻ በሽታ ሊኖርባት ይችላል። ከነከሰች በውኃና በሳሙና አሥራ አምስት ደቂቃ ታጥባችሁ፣ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

ጣሪያ ማጽዳት ግድ ከሆነባችሁም መጀመሪያ ቤቱን ሥሩና አጠገቡ ስቀሉ። ልጆቹ በርረው እስኪወጡ ጠብቁ። ከዚያ ቀዳዳው ላይ ወጥታ የማትመለስበት መረብ አንጠልጥሉ። ሲሚንቶው መጨረሻ ላይ ነው።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሐይቅ ዳር ባለ መናፈሻ አንድ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ዛፍ ላይ ሰቀልኩት። ቅርንጫፉ መግቢያውን ስለጋረደው፣ ድመትም ስለምትወጣበት ዓመት ሙሉ ዝር ያለ የለም። አውርጄ ሜዳው ላይ በምሰሶ አቆምኩት። እንደገና ዓመት አለፈ። ጥበቃው ሲያገኘኝ፣ "አባባ፣ ዛሬም የለችም" ይለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት ምሰሶው ሥር የጤፍ እንጀራ ፍርፋሪ የመሰለ ጥቁር ነገር አየሁ። የአይጥ ይሆን ብዬ በስንጥር ፈረካከስኩት። የአይጥ ኩስ ይጠጥራል። ይኼ ግን እንደ አመድ ተበተነ፤ ውስጡ የጥንዚዛና የእሳት እራት ክንፍ ስብርባሪ በፀሐይ ብልጭ ብልጭ ይላል። ተንበርክኬ ቆየሁ። ከዚያ ጥበቃውን ጠራሁት።