ከዊንዶውስ 10 ወደ 11፦ ጠይቁ፣ እመልሳለሁ (ሞዴሉን ግን ጻፉ)

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን «ዊንዶውስ 11 ጭኜ ጉድ ሆንኩ» የሚለው ጥያቄ ስለበዛ፣ አንድ ላይ እንጨርሰው ብዬ ነው። ኮምፒውተር መጠገን ከጀመርኩ 14 ዓመቴ ነው። ኢንጅነር አትበሉኝ፣ ቴክኒሻን ነኝ።

ነገሩን ለማታውቁ፦ የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ማለት ነው። ማሽኑ መሥራቱን አያቆምም፤ የሚቆመው የደኅንነት ማሻሻያው ነው።

ስትጠይቁ ሞዴሉን፣ ፕሮሰሰሩን ከነትውልዱ፣ ራሙን ጻፉ። ከመጫናችሁ በፊት ደግሞ ፋይላችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ፤ የቢትሎከር፣ ማለትም ዲስኩን የሚቆልፈው የዊንዶውስ መሣሪያ፣ ቁልፋችሁንም ወረቀት ላይ ጻፉ። ወረቀት ላይ አልኩ። ላፕቶፑ ውስጥ ያስቀመጣችሁት ቁልፍ፣ ላፕቶፑ ሲቆለፍ አብሮ ይቆለፋል።

ከአዳማ፦ «ይህ ፒሲ ዊንዶውስ 11 መጫን አይችልም» ይለኛል። ኮር አይ 5 እኮ ነው! ደካማ ነው እንዴ?

መልስ፦ «ኮር አይ 5» ማለት «መኪናዬ ቶዮታ ናት» እንደማለት ነው። የስንት ዓመተ ምሕረት? ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር እየው። 7200 ካለ 7ኛ ትውልድ ነው፣ 8250 ካለ 8ኛ፣ 10210 ካለ 10ኛ። ኢንቴል ከሆነ፣ ከጥቂት 7ኛዎች በቀር፣ የሚፈቀደው ከ8ኛ ጀምሮ ነው። ኤኤምዲ ከሆነ በጥቅሉ ከራይዘን 2000 ጀምሮ።

ፕሮሰሰሩ ካለፈ ቀጣዩ ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደኅንነት ቁልፍ ጠባቂ ነው። ብዙ ጊዜ ማሽኑ ውስጥ አለ፣ ግን ጠፍቶ ነው። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ገብተህ ኢንቴል ላይ «ፒቲቲ»፣ ኤኤምዲ ላይ «ኤፍቲፒኤም» የሚለውን ታበራዋለህ። ከዚያ ማሽኑ ሲነሳ ያልታመነ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚከለክለው ሴኪዩር ቡት አለ። እዚህ ላይ ተጠንቀቅ። ዲስክህ በድሮው የዲስክ አከፋፈል በኤምቢአር ከሆነና ባዮሱን ዝም ብለህ ወደ አዲሱ አነሳስ ወደ ዩኢኤፍአይ ከቀየርከው፣ ማሽኑ አይነሳም። መጀመሪያ ዲስኩን ወደ አዲሱ አከፋፈል ወደ ጂፒቲ መቀየር ነው፤ መሣሪያው ራሱ ዊንዶውስ 10 ውስጥ አለ። ባዮስ ከመንካትህ በፊት ደግሞ ቁልፉ ወረቀት ላይ ይሁን። ቲፒኤሙ ሲነካካ ቢትሎከር «ማነህ?» ብሎ ይጠይቃል።

ከጎንደር፦ አፕግሬድ ካደረግኩ በኋላ ላፕቶፔ በጣም ቀስ ይላል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሞዴል? ራም? ዲስኩ የድሮው ኤችዲዲ ነው ወይስ ፈጣኑ ኤስኤስዲ?

ከጎንደር፦ ዴል ነው።

መልስ፦ ዴል ስንት?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፦ ወንድሜ፣ የኔ ትንሽ ይረዝማል። አምና ለእናቴ ላፕቶፕ ገዝቼ በሰው ላክሁ። ሰሞኑን ሰፈር ያለ ልጅ «ላዘምንልዎት» ብሎ ባዮሱን ነካክቶ ሄደ። አሁን ሲከፈት ሰማያዊ ገጽ ላይ 48 አኃዝ ቁልፍ ይጠይቃል። እናቴ ቁልፍ የሚባል ነገር አይታ አታውቅም። ልጁ «ፎርማት እናድርገው» ይላል። የሟች አባቴ ፎቶዎች ሁሉ እሱ ላይ ናቸው።

መልስ፦ ፎርማት እንዳያደርግ! አሁኑኑ ደውልለት። ከዚያ ተመልሰህ ይህን አንብብ።

እናንተም አንብቡት፤ እጄ ላይ ከሚገቡት አሳዛኝ ጉዳዮች ብዙው ይሄው ነው። አዳዲስ ላፕቶፖች መጀመሪያ ሲከፈቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃሉ። በዚያ አካውንት ሲገባ ዲስኩ ራሱን ይቆልፋል፣ ቁልፉም አካውንቱ ውስጥ ይቀመጣል። ድሮም በብዙ ላፕቶፖች ላይ ነበር። በ2024 እ.ኤ.አ. ከወጣው 24ኤች2 ከሚባለው የዊንዶውስ 11 ዕትም ወዲህ ደግሞ እንደ አዲስ ሲጫን ሆም የሚባለው ዓይነት ላይ ሳይቀር በብዛት ይኸው ነው። መቆለፉ መጥፎ አይደለም። ላፕቶፕህ ቢሰረቅ ሌባው ፎቶህን አያይም።

ችግሩ እኛ ጋ ነው። ዕቃው የሚመጣው ከውጭ ነው። «እማዬ እንዳትቸገር» ብሎ እዚያው የሚከፍተው ዘመድ ነው። በማን አካውንት? በራሱ! ስለዚህ ላፕቶፑ አዲስ አበባ፣ ቁልፉ ሜሪላንድ። ደንበኛ መጥቶ ቁልፍ ጠፋኝ ሲለኝ «ይኼን ዕቃ መጀመሪያ የከፈተው ማነው?» ነው የምለው። አንዴ መልሱ «የቀድሞ እጮኛዬ» ሆነና፣ እሱን አስታርቆ ለማምጣት ሦስት ሳምንት ፈጀ።

አንተ አሁን የከፈተው ማን እንደሆነ አስታውስ። በዚያ ሰው ኢሜይል የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ገብታችሁ ዕቃዎች የሚለው ሥር ማሽኑን ፈልጉ፤ የማስመለሻ ቁልፍ የሚል ታገኛላችሁ። ሰማያዊው ገጽ ላይ የቁልፍ መለያ ተጽፏል። እሱን ከአካውንቱ ጋር አመሳክሩ፣ ሁለት ሦስት ቁልፍ ሊኖር ይችላል። ማይክሮሶፍት ራሱም ቁልፍ ከጠፋ ሊያወጣልህ አይችልም። ብር ተቀብሎ «እከፍተዋለሁ» የሚልህን አትመን።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ የከፈተው የእህቴ ልጅ ይመስለኛል። ሥራ ላይ ነው፣ ማታ እጠይቀዋለሁ።

ከጎንደር፦ ዴል ላቲትዩድ። 4 ራም። ኤችዲዲ ይመስለኛል።

መልስ፦ እንደሱ በል! 4 ጊጋ ማለት በሩ ላይ የሚያስገባህ ነው፣ ወንበር አይሰጥህም። ኤስኤስዲ አስገባበት፣ ራሙን 8 አድርሰው። ደግሞ ከጫንክ 10 ቀን ካልሞላህ ወደ 10 መመለስ ትችላለህ፤ ሴቲንግ ውስጥ ሪከቨሪ የሚለው ላይ ነው። ሲ ድራይቭ ላይ «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚል ፎልደር አለ፤ «ቦታ ያዘብኝ» ብለህ እንዳታጠፋው። መመለሻህ እሱ ነው።

ከሻርጃ፦ በዊንዶውስ ቦታ ሊኑክስ ሚንት ጫኑና ተገላገሉ። እኔ ሁለት ዓመቴ ነው።

ከመገናኛ፦ ጀመረ ደግሞ። የሒሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪ ሊኑክስ ላይ ይሠራልሃል?

ከሻርጃ፦ ለምን ፒችትሪ? ሌላ የለም?

ከመገናኛ፦ ይኼን ለአለቃዬ ንገርልኝ።

መልስ፦ ለኢንተርኔትና ለፊልም ብቻ የምትጠቀሙበት አሮጌ ማሽን ከሆነ ሊኑክስ ጥሩ ነው። ለቢሮ አልመክርም። እዚህ ላይ ይብቃ።

ከቦሌ፣ የሒሳብ ባለሙያ፦ እኛ ጋ ፒችትሪ 2010 ነው ያለው። ዊንዶውስ 11 ላይ ይሠራል?

መልስ፦ ፕሮግራሙ ከዊንዶውስ 10 እንኳ በፊት የተሠራ ነው እህቴ። አንዳንዱ ላይ ይከፈታል፣ አንዳንዱ ላይ ከሥሩ ያለው የዳታ ሰርቪስ አልነሳም ይላል። ዋስትና የለውም። ባክአፕ ይዘሽ በሌላ ማሽን ላይ ሞክሪው፣ ዋናው ላይ አይደለም። ሰኔ 30 ሲቃረብ ደግሞ በፍጹም አትንኪው።

ከዱባይ፦ የመጀመሪያው ሰርፌስ ጎ ታብሌት አለኝ። ወደ 11 አይሄድም አለኝ። ባልደረባዬ አዲስ ታብሌት ላይ 11 አለው፣ እሱም «ታብሌት ሞዱ ጠፋብኝ» ይላል። እኛ ታብሌት የያዝን ሰዎች ምን አጠፋን?

መልስ፦ ያንተ ፔንቲየም ጎልድ 4415ዋይ ነው፣ ከዝርዝሩ ውጪ ነው። ሰርፌስ ጎ 2 ይገባል። የባልደረባህ ቅሬታ እውነት ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ የነበረው ታብሌት ሞድ 11 ላይ የለም። ኪቦርዱን ስትነቅለው የታስክባሩ ምልክቶች ክፍተት በራሱ ትንሽ ይሰፋል፣ በቃ። ጣት ከግራ ስታስገባ ድሮ የተከፈቱት ፕሮግራሞች ይመጡ ነበር፤ አሁን የአየር ሁኔታና ወሬ ነው የሚመጣው። በምትኩ በሦስት ጣት ወደ ላይ ይጥረገው።

በነገራችን ላይ 32 ጊጋ ያላቸው ርካሽ ታብሌቶች የያዛችሁ፣ አትድከሙ። 11 የሚጠይቀው 64 ነው። ሚሞሪ ካርድ ጨመርኩ ማለት አይሠራም።

ከለቡ፦ አይፓድ 7ኛው ትውልድ አዲሱን አይፓድኦኤስ 26 አልቀበልም አለ።

መልስ፦ አይቀበልም፣ ከ8ኛው ጀምሮ ነው። አይፓድ የኔ ሙያ አይደለም።

ከሐዋሳ፣ ጸሐፊ፦ ቢሮ ውስጥ 20 ዓመት ጽፌአለሁ። ማሽኔ ፎርማት ተደርጎ 11 ከተጫነ በኋላ የድሮ ደብዳቤዎቼ ግማሹ የእንግሊዝኛ ፊደል ቁልል ሆነ። ግማሹ ይነበባል፣ ግን መልኩ ተቀይሮ ገጹ ሁሉ ተዛብቷል። ፋይሌ ተበላሸ ማለት ነው?

መልስ፦ ይኼን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር! አልተበላሸም እህቴ። ሁለት የተለያየ ችግር ነው።

የመጀመሪያው ይኼ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላት ሁሉ የጋራ የኮምፒውተር መለያ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት ፕሮግራሞች ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። አንድ ፎንት ደግሞ ቢበዛ 256 ቦታ ነው ያለው፣ የኛ ፊደል አይበቃውም። ስለዚህ ሁለትና ከዚያ በላይ ፎንት ላይ ይከፋፍሉት ነበር። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲን ነው። «ሀ» ሆኖ የሚታይሽ ፎንቱ ልብስ ስላለበሰው ነው። ፎርማት ሲደረግ ፎንቱ ጠፋ፣ ልብሱ ወለቀ። ያንኑ የድሮ ፎንት ፈልገሽ ጫኚው፣ ደብዳቤው ይመለሳል። ከዚያ ግን ወደ ዩኒኮድ ቀይሪው፣ አለበለዚያ ሌላ ፎርማት ሲመጣ ሌላ ለቅሶ ነው። ሌሎቻችሁ፣ ከመጫናችሁ በፊት ሲ ድራይቭ፣ ዊንዶውስ፣ ፎንትስ የሚለውን ፎልደር ገልብጡ። ፋይላችሁን ገልብጡ ስል ይኼንንም ማለቴ ነው።

ሁለተኛው ኒያላ ነው። ዊንዶውስ ቪስታና 7 ላይ የአማርኛው ፎንት ኒያላ አብሮ ነበር የሚመጣው። ከ10 ጀምሮ ተጨማሪ አማራጭ ሆነ። እንደ አዲስ ስትጭኚ የለም፤ በቦታው ብዙ ጊዜ ኤብሪማ የሚባል ሌላ ፎንት ይገባል። የፊደሉ ስፋት ስለሚለያይ መስመር ይሰበራል፣ ሰንጠረዥ ይዘላል፣ ፊርማው ሌላ ገጽ ላይ ይወድቃል። ሴቲንግ ውስጥ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ብለሽ ፈልጊና «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚለውን ጨምሪ። ወይም አማርኛን ቋንቋ ዝርዝር ውስጥ ጨምሪ፣ ፎንቱ አብሮ ይወርዳል። በዚያው ኪቦርዱንም ታገኛለሽ፤ የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ እየተጫንሽ ትቀያይሪያለሽ።

ከሳሪስ፦ ዛሬ ማን እንደ ፓወር ግዕዝ ባለ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ይጠቀማል? በስልክ ጽፎ መላክ ነው።

ከሐዋሳ፣ ጸሐፊ፦ ልጄ፣ 14 ገጽ ቃለ ጉባኤ በስልክ ጽፈህ ታውቃለህ?

ከሳሪስ፦ በድምፅ አስጽፈዋለሁ።

ከሐዋሳ፣ ጸሐፊ፦ ቦርዱ ፊት ቁጭ ብለህ ታወራለታለህ እንግዲህ።

ከመገናኛ፦ ግን የዊንዶውሱ ኪቦርድ ለድሮ ታይፒስት ይከብዳል። የጣት ልማድ ነው።

መልስ፦ በየትኛውም ጻፉ፣ ዩኒኮድ ይሁን እንጂ። አንድ ነገር ግን ካነሣችሁት አይቀር ልናገር። አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ ሁለት ነጥብ እየመታችሁ አትጻፉ! «፡፡» እና «።» ለዓይን አንድ ይመስላሉ። ለኮምፒውተሩ ግን የመጀመሪያው ሁለት የቃል መለያ ነው። ዓረፍተ ነገሩ ማለቁን አያውቅም፣ ስትፈልጉም አታገኙትም። አራት ነጥብ የራሱ ቁልፍ አለው። የመንግሥት ደብዳቤ ሳይቀር...

ከሻርጃ፦ ወንድም፣ ስለ ዊንዶውስ ነበር።

መልስ፦ እሺ። ቀጥሉ።

ከጅማ፦ የኔ 6ኛ ትውልድ ነው። አዲስ መግዣ የለኝም። ቲፒኤም እየዘለሉ መጫን ይቻላል ይባላል።

መልስ፦ ይቻላል። ግን ማሻሻያ እንደሚደርስህ ዋስትና የለህም። በጣም አሮጌዎቹ፣ የኮር 2 ዱዎ ዘመን ከሆኑ፣ ከ24ኤች2 በኋላ ጭራሽ አይነሱም። ለራሴ ማሽን አድርጌዋለሁ፣ ለደንበኛ አላደርግም። ላንተ የሚሻለው ዊንዶውስ 10 ላይ ቆይተህ ለተራዘመው የደኅንነት ማሻሻያ መመዝገብ ነው። እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ያቆይሃል። 22ኤች2 በሚባለው የዊንዶውስ 10 ዕትም ላይ መሆን አለብህ። ሴቲንግህን ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ካመሳሰልክ በነፃ ነው፣ አለበለዚያ 30 ዶላር። አካውንቱ ደግሞ የራስህ ይሁን፣ የማንም ዘመድ አይሁን።

ከአየር ጤና፦ አክቲቬተር (ዊንዶውስን ሳይገዙ የሚያስሠራ) ያለው ሰው ሊንክ ይላክልኝ።

መልስ፦ አይላክም። ደንበኞቼ ማሽን ላይ የማገኘው ቫይረስ ብዙው በዚያ በር ነው የሚገባው።

ከኮምቦልቻ፦ ሲወርድ ዳታዬን ጨረሰው። መብራትም መሃል ላይ ይጠፋል።

መልስ፦ ፋይሉ ከ5 ጊጋባይት በላይ ነው። አንዴ ዋይፋይ ያለበት ቦታ በፍላሽ አውርደህ ለሁሉም ማሽን ተጠቀምበት። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ይሁን። ዴስክቶፕ ከሆነ ያለ ዩፒኤስ አትጀምር።

ከፒያሳ፦ ስታርት መሃል ላይ ሆነብኝ።

መልስ፦ ታስክባሩን በቀኝ ክሊክ፣ ሴቲንግ፣ አላይመንት፣ ሌፍት።

ከደብረ ብርሃን፦ ያለ ቲፒኤም መጫን ይቻላል?

መልስ፦ ከላይ አንብብ።

ከደብረ ብርሃን፦ የቱ ጋ?

መልስ፦ ጅማ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ቁልፉ ተገኘ! የእህቴ ልጅ አካውንት ውስጥ ነበር፣ ራሱም ረስቶታል። ስድስት ስድስት አኃዝ እየሆነ ስምንት ቦታ ነው። በስልክ እያነበብኩላት እናቴ አስገባች። አምስተኛው ላይ ስንደርስ መነጽሯን ፍለጋ ሄዳ 20 ደቂቃ ቆየች። ተከፈተ፣ ፎቶዎቹም አሉ። እግዜር ይስጥህ።

መልስ፦ ተመስገን። ወረቀት ላይ ጽፋዋለች?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ...ልደውልላት።