ወንድሜ የወረርሽኝ ወሬ በሰማ ቁጥር እንቅልፍ ያጣል

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ (እውነቱንና ቅዠቱን የሚያደበላልቅ የአእምሮ ሕመም) አለበት። በየወሩ መርፌውን እየተወጋ፣ ሥራውንም እየሠራ አራት ዓመት ደህና ነበር። ኮሮና መጥቶ ቤት ስንዘጋ ግን አገረሸበት። «ማስክ የሚያደርጉት እንዳልለያቸው ነው» ይል ጀመር፤ መርፌውንም ተወ። አሁን ተሽሎታል፤ ብቻ ስለ አዲስ ወረርሽኝ ወሬ ከሰማ እንቅልፉ ይጠፋል። ዜና ልከልክለው ወይስ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ያ ጊዜ እኮ ጤነኛውንም ያቃዠ ነበር። ሰው ሁሉ ፊቱን ሸፍኖ ይሄዳል፣ ማንም ማንንም አይጠጋም፣ በዓይን የማይታይ ነገር በትንፋሽ ይገድላል። ይህን ወንድምሽ በ2018 እ.ኤ.አ. ተናግሮት ቢሆን ሐኪሙ መድኃኒቱን ይጨምርለት ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. ግን ዜናው ራሱ ይኼንኑ ሲያወራ ይውላል።

ስለዚህ «ቅዠት ነው» ብለሽ አትሟገቺው፤ ግማሹ እውነት ነዋ! እውነቱን እውነት በዪው፦ «አዎ፣ በሽታ አለ፣ ማስኩም ለእሱ ነው።» «እኔን ነው የሚፈልጉት» የሚለው ላይ ግን አትቀበዪውም፣ አትከራከሪውምም። «እንዲህ ሲመስልህ ያስፈራል» ብለሽ እዚያው ተዪው። ማስክ የምታደርጊ ከሆነም መጀመሪያ ራቅ ብለሽ እሱ ፊትሽን ይይ፣ ከዚያ እሱ እያየሽ አጥልቂው።

ዜና መከልከሉ አያዋጣም። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው፤ ደግሞም «ምን ደብቀውኝ ነው?» ማለቱ አይቀርም። በቀን አንዴ አብራችሁ ስሙ፣ ማታ ላይ ግን ይቅር።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ መርፌው ነው። ክሊኒኮች ያኔ ቀጠሮውን ወደ ስልክ ሲያዞሩ መርፌ በስልክ እንደማይወጋ ብዙ ቤተሰብ ያወቀው ዘግይቶ ነው። ዛሬ ደህና ሳለ ሐኪሙን ጠይቁት፦ ክሊኒኩ ቢዘጋ ማን ይወጋዋል፣ የት? የስልክ ምርመራም ከሆነ ካሜራው ሊያስጠረጥረው ስለሚችል በድምፅ ብቻ ይሁንለት።

ወንድምሽን ባይመለከትም፣ ክሎዛፒን የሚባለውን የስኪዞፍሬኒያ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ያላችሁ ይህችን ያዙልኝ። መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴልን ስለሚቀንስ ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከመጣ «ቫይረሱ ነው» ተብሎ አይታለፍም፤ የዚያኑ ቀን ደም ይመርመር። አጫሽ ከሆነና ታሞ ሲጋራ በድንገት ካቆመም ሐኪሙ ይወቅ። የሲጋራ ጭስ ጉበት መድኃኒቱን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል፤ ጭሱ ሲቀር መድኃኒቱ በደም ውስጥ ይከማቻል፣ ኢንፌክሽኑም ራሱ ክምችቱን ይጨምረዋል። ሰውየው ድብን ብሎ ይተኛል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት ነገርም ሊመጣበት ይችላል። መድኃኒቱን ከ48 ሰዓት በላይ ካቋረጠ ደግሞ በድሮው መጠን ዘሎ አይጀምርም፤ ከትንሽ እንደገና ነው።

ክትባት ሲመጣ ወደ ኋላ አትበሉ። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣ የኒውዮርክ ጥናት ኮሮና የተገኘባቸውን ከ7,000 በላይ ሰዎች አይቶ፣ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው የመሞት ዕድላቸው ወደ 2.7 እጥፍ ከፍ ብሎ አግኝቶታል።

እንቅልፉን ግን እንደ ቀላል አትዪው፤ ብዙ ጊዜ ከማገርሸቱ በፊት የሚቀድመው እሱ ነው። አንድ ሌሊት ማንም ያጣል። ሁለት ሦስት ሌሊት ከተከታተለ ሐኪሙ ጋ ደውዪ። ይህንንም ከጀርባው አታድርጊው፤ አሁን ልቡ ሙሉ ሳለ «እንቅልፌ ሲጠፋ እህቴ ትደውል» ብሎ በገዛ እጁ ይጻፍልሽ።