ከማሽኑ በፊት ወለሉና ኤሌክትሪኩ

ሰላም ወንድሜ። አዲስ አበባ ውስጥ ግቢህ ጥግ ላይ 3 በ4 ሜትር የቆርቆሮ ቤት ሠርተህ የእንጨት ሥራ ልትጀምር ነው፤ «መጀመሪያ የቱን ማሽን ልግዛ?» ብለሃል። ማሽኑን ለጊዜው ተወው።

ወለሉን ሲሚንቶ አድርግና ከግቢው 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። አለበለዚያ ክረምት ላይ ውሃ ይገባብሃል። የባሕር ዛፉን ቋሚ አፈር ውስጥ አትቅበረው፣ ምስጥ ይጨርሰዋል። ኮንክሪት ላይ በብረት እሰረው። ጣሪያው ላይ አንድ ሁለት ብርሃን አስገቢ ፕላስቲክ ጣል አድርግበት።

ኤሌክትሪኩ ላይ ግን እለምንሃለሁ፣ ገንዘብ አትቆጥብ። ከሳሎን በኤክስቴንሽን አትሳብ። የራሱ ብሬከር ያለው መስመር ከነኧርዙ (ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ወደ መሬት ከሚያወርደው ሽቦ ጋር) በባለሙያ አስዘርጋ። ቤቱ ቆርቆሮ ነው፤ አንድ የተላጠ ሽቦ ከነካው ግድግዳው በሙሉ ይነዝራል። ስለዚህ ቆርቆሮውንም ከኧርዙ ጋር ያገናኝልህ።

ቀጥሎ ጠረጴዛ። በ5 በ7 ሳንቲ ሜትር ሞራሌ (ወፍራም የጣውላ እንጨት) ራስህ ሥራው፣ ቁመቱ 90 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ሆኖ ከበድ ይበል። የሚወዛወዝ ጠረጴዛ ላይ ቀጥ ያለ ነገር አይቆረጥም። እንጨቱን ጨምድዶ የሚይዝልህ ሞርሳም እሰርበት።

ለመጀመሪያ ሥራ ሜትር፣ ስኳድራ (ማዕዘን መለኪያ)፣ መጋዝ፣ መሮ፣ መላጊያና አንድ ደህና ድሪል ይበቃሃል። መርካቶ ምናለሽ ተራ ዞር ዞር ብትል አሮጌ ግን ጠንካራ የእጅ መሣሪያ አታጣም። ድሪሉን ግን አዲስ ግዛ።

አንድ ነገር አደራ፦ ግራይንደር ላይ የእንጨት መጋዝ ዲስክ እንዳትገጥም። እንጨቱ ሲይዘው ከእጅህ ፈልቅቆ ይወጣል፤ ጣት የሚቆርጠው ይሄ ነው።