ያው ፈተና ለምን ይመላለስብኛል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? 26 ዓመቴ ነው። ማታ ማታ በስልኬ ማየት የሌለብኝን ነገር የማየት ልማድ አለብኝ። ለንስሓ አባቴ ስንት ጊዜ ተናዝዣለሁ፤ የሰጡኝንም ቀኖና ፈጽሜአለሁ። ሁለት ሳምንት፣ ሲበዛ አንድ ወር እቆይና ያው እመለስበታለሁ። ሐሳቡ እየጸለይኩ እንኳ ይመጣብኛል። ከወደቅሁ በኋላ እግዚአብሔር ፊት መቆም ስለሚያሳፍረኝ ለቀናት ጸሎት አቆማለሁ። እግዚአብሔር ትቶኝ ይሆን? ንስሓዬስ ውሸት ነበር ማለት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ልብህ ትንሽ ይረፍ። ሐሳቡ መምጣቱ ብቻውን ኃጢአት አይደለም። ጌታችንም 40 ቀን ጾሞ ተፈትኗል፤ ኃጢአት ግን አልተገኘበትም። ሉቃስ ይህን ሲተርክ፣ ዲያብሎስ ፈተናውን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ «እስከ ጊዜው» ከእርሱ ተለየ ይላል (ሉቃ. 4፥13)። እስከ ጊዜው! ከጌታ እንኳ ለጊዜው ብቻ የሸሸ ጠላት፣ አንተን በአንድ ንስሓ ለዘላለም እርግፍ አድርጎ ይተወኛል ብለህ ጠበቅህ። አንዱ ያደከመህ ነገር ይህ ይመስለኛል።

በግብፅ በረሃ ሣራ የምትባል መናኝ እናት ነበረች። 13 ዓመት የዝሙት ጦር እንደተዋጋት በአባቶች ታሪክ ተጽፏል። በዚህ ሁሉ ዘመን ጦርነቱ ይነሣልኝ ብላ አልጸለየችም። «አምላኬ ሆይ፣ ኃይል ስጠኝ» ነበር የምትለው። ግብፃዊቷ ማርያም ደግሞ ከቀድሞ ሕይወቷ ምኞት ጋር 17 ዓመት ታግላለች። ያውም ሰው በሌለበት፣ ስልክ በሌለበት በረሃ! ስለዚህ ፈተናው ስለቆየ ብቻ እግዚአብሔር ተወኝ አትበል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ውድቀትህ ነግረኸኛል። ስለ ሐፍረትህም ነግረኸኛል። ከውድቀቱ በፊት ስላለው ሰዓት ግን ምንም አላልከኝም። «ማታ ማታ» ብለህ አለፍከው።

እኔ ወጣት ሳለሁ የእኔ ጣጣ ሐሜት ነበር። ቀላል እንዳይመስልህ፤ በየጊዜው ያንኑ ኃጢአት ተሸክሜ ንስሓ አባቴ ዘንድ እመላለስ ነበር። አንድ ቀን ተናዝዤ ጨርሼ፣ እንደወትሮው ስግደት ያዙኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ከማን ጋር ስትሆን ነው?» አሉኝ። ከአንድ ጓደኛዬ ጋር አልኳቸው። «መቼ?» ከሥራ ወጥተን አብረን ስንሄድ። «መንገዱ ምን ያህል ያስኬዳል?» 20 ደቂቃ ገደማ። ትንሽ ዝም አሉና «እስቲ ለአንድ ወር በሌላ መንገድ ሂድ» አሉኝ። በቃ። እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነው የወጣሁት፤ ጠለቅ ያለ መንፈሳዊ ምክር ነበር የጠበቅሁት። ግን ታዘዝኩ። ለዓመታት ከምላሴ ጋር ታግዬ ያቃተኝ ነገር፣ መንገድ ስቀይር ቀለለኝ። ጨርሶ ጠፋ አልልህም። ቀለለኝ።

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በየቀኑ የተነዘነዙ ሁለት ሰዎች አሉ። ሶምሶንን ደሊላ ነፍሱ እስክትጨነቅ ድረስ ዕለት ዕለት ነዘነዘችው (መሳ. 16፥16)። ዮሴፍንም የጲጥፋራ ሚስት በየዕለቱ ትወተውተው ነበር። በጉልበት ከሆነ ሶምሶን ይበልጣል፤ አንበሳ በእጁ የገደለ ሰው ነው። ታዲያ የቆመው ለምን ዮሴፍ ሆነ? የተጻፈውን ቀስ ብለህ አንብበው፦ «ከእርስዋ ጋር ይተኛ ዘንድ ከእርስዋም ጋር ይሆን ዘንድ አልሰማትም» (ዘፍ. 39፥10)። «ይሆን ዘንድ» የምትለዋን ቃል ብዙዎቻችን እንዘላታለን። አብሯት መሆንንም እምቢ አለ ማለት ነው። ባሪያ ስለሆነ ቤቱን ለቆ መሄድ አይችልም፤ በሚችለው ልክ ግን ራቀ። ሶምሶን ሦስት ጊዜ ዋሻት፣ ሦስቱንም ጊዜ ፍልስጥኤማውያን መጡብህ ስትለው ሰማ፣ ግን እዚያው ቤት ቀረ። በመጨረሻ ምስጢሩን አውጥቶ ጭኗ ላይ ተኛ።

አንተም የምትታገለው ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ደክሞሃል፣ ብቻህን ነህ፣ መብራቱ ጠፍቷል፣ ስልኩ ትራስህ ሥር ነው። በዚያ ሰዓት እኔም ራሴን አላምነውም። ጦርነቱ ግን የተጀመረው ማታ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ምንም ክፉ ሐሳብ ሳይኖርህ ስልኩን ይዘህ ወደ መኝታህ ስትገባ ነው። ያን ጊዜ «ጠዋት የሚቀሰቅሰኝ እሱ ነው» ብለሃል። ጳውሎስ እግዚአብሔር «ከፈተናው ጋር መውጫውን ደግሞ ያደርግላችኋል» ይላል (1ቆሮ. 10፥13)። ያንተ መውጫ ሦስት ሰዓት ላይ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ የመርፌ ቀዳዳ ሆኗል።

ስለዚህ የሚደውል የጠረጴዛ ሰዓት ግዛ። ቻርጀርህን ከመኝታህ አውጣው። ከሰው ጋር የምትኖር ከሆነ ስልኩ ሌላ ክፍል ይደር፤ ብቻህን ከሆንክ አጥፍተህ ተነሥተህ ካልሄድክ የማትደርስበት ቦታ አስቀምጠው። «ይሄ ምን መንፈሳዊ ነገር አለው?» ትለኝ ይሆናል። ሞክረው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እጅህ ሳታዘው ይፈልገዋል፤ ምን ያህል እንደታሰርክም ያኔ ታያለህ። ጾሙንም ስግደቱንም አትተው፣ ግን ሆድህ እየጾመ ዓይንህ ሲፈታ ቢያድር ምን ይጠቅማል? ነገሩ እንቅልፍህንና ሥራህን እስከማበላሸት ከደረሰ ደግሞ የሥነ ልቦና ባለሙያ ማማከርም ነውር የለውም። ንስሓውን አይተካም፣ አብሮ ይሄዳል።

በጸሎት መሐል ስለሚመጣው ሐሳብ፦ አንድ ወንድም ሐሳብ በዛብኝ ብሎ ወደ አንድ የበረሃ አባት ሄደ። አባም ወደ ውጭ አወጡትና «ደረትህን ከፍተህ ነፋሱን ያዘው» አሉት። አልችልም አለ። «እንግዲያው ሐሳብም እንዳይመጣ ማድረግ አትችልም፤ አለመቀበል ግን ትችላለህ» አሉት። አንተም አትከራከረው፣ ከየት መጣ ብለህም አትመርምረው። «አቤቱ፣ ማረኝ» በልና ካቆምክበት የመዝሙር ጥቅስ ቀጥል። አሥር ጊዜ ቢመጣ አሥር ጊዜ እንዲሁ አድርግ። አሰልቺ ነው፤ አውቃለሁ።

ከጻፍከው ሁሉ እኔን ያሳሰበኝ ስልኩ አይደለም፤ ለቀናት ጸሎት ማቆምህ ነው። ውድቀቱ የአንድ ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ግን ራስህ አውጥተህ ለጠላት ሰጠሃቸው። ሕፃን ልጅ ጭቃ ላይ ሲወድቅ እዚያው ሆኖ «እማዬ!» ይላል፤ ታጥቤ ስጨርስ እጠራታለሁ አይልም። በወደቅህበት ሌሊት ተነሥተህ ቁም። አቡነ ዘበሰማያት ብቻ ብትደግምም ይሁን። «ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃልና፥ ይነሣማል» (ምሳ. 24፥16)።

ንስሓህም ውሸት አልነበረም። መውደቅህን በእውነት ተናዝዘሃል፤ የሄድክበትን መንገድ ግን ሳትናገር ቀርተሃል። በሚቀጥለው ጊዜ ንስሓ አባትህ ፊት ስትቀርብ «ያው የባለፈው ነው» ብለህ አትለፈው። ስልኩ የት እንደነበር፣ ስንት ሰዓት እንደነበር፣ ያን ቀን ማን አበሳጭቶህ እንደዋለ ጭምር ንገራቸው።