መልስ፦ ስወድቅ የእጄን አንጓ ያመኛል

ወንድሜ፣ ጅማ ውስጥ ጁጂትሱ የሚባለውን የጃፓን የትግል ስፖርት ከጀመርክ ሁለት ሳምንት እንደሆነህ፣ በወደቅክ ቁጥር የእጅህን አንጓ እንደሚያምህና ተጋጣሚን መወርወር መቼ እንደምትማር ጠይቀሃል።

መወርወሩ ይቆይ፤ መጀመሪያ አወዳደቅ፣ ኡኬሚ የሚባለውን፣ ተማር። አንጓህን የሚያምህ ወደ ኋላ ስትወድቅ እጅህን መሬት ላይ ስለምትተክል ይመስለኛል። ያኔ ክብደትህ በሙሉ እዚያች መገጣጠሚያ ላይ ያርፋል።

ቁጢጥ በል። አገጭህን ወደ ደረትህ ሰብስበህ ቀበቶህን ተመልከት፤ ጭንቅላትህን ከመመታት የሚያድነው ይሄ ነው። ጀርባህን አጉብጠህ ተንከባለል፤ የላይኛው ጀርባህ ምንጣፉን ሲነካ በሁለቱም ክንዶችህ፣ ከመዳፍ እስከ ክርን፣ ምንጣፉን ምታ። ክንዶችህ ከጎንህ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ይራቁ፤ እስከ ትከሻ ከፍታ ከወጡ ትከሻህ ይጎዳል። ከቁጢጥ በየልምምዱ 20 ጊዜ ሥራ፣ ሲለሰልስልህ ደግሞ ከቆምክበት ጀምረህ ሥራው።

ሲሚንቶ ላይ በፍጹም አትሞክረው! 4 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጠንከር ያለ ታታሚ የሚባል የትግል መለማመጃ ምንጣፍ ይሻላል፤ በጣም ለስላሳ ስፖንጅ እግር እየዋጠ ቁርጭምጭሚት ያጣምማል። በጅማ ዝናብ ደግሞ ምንጣፉ እርጥበት ይዞ ጭርት እንዳያመጣባችሁ ከልምምድ በኋላ ወልውላችሁ አድርቁት።

አንጓህ ካበጠ ግን ልምምዱን አቁመህ ሐኪም ይየው።