ዘንድሮ ጋውን ለምትለብሱ ልጆቼ

ይህን የምጽፈው ጅማ ላይ በነርስነትም በሐኪምነትም ሥራ ለምትጀምሩ ልጆች ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፤ ልቤ ግን አሁንም ዋርድ ውስጥ ነው።

ከሊሙ ወይ ከጌራ ሌሊት ተነስቶ፣ ጭቃውን ረግጦ የመጣ ገበሬ እውቀታችሁን የሚመዝንበት መንገድ የለውም። ጋውናችሁን፣ ጥፍራችሁንና አነጋገራችሁን ግን ያያል። «ይቺን ኪኒን ልዋጣት ወይስ ልተዋት?» የሚለውንም በዚያው ይወስናል። አለባበስና አነጋገር የሕክምናው አካል ነው የምለው ለዚህ ነው።

ጋውን ለብሶ ምሳ ቤት መግባትና ባጃጅ መሳፈር እየተለመደ መጥቷል። በጣም ያናድደኛል። ሲያሹት፣ ሲደገፉት፣ ሲያስሉበት የዋለ እጅጌ እንጀራ ላይ ሲያርፍ አስቡት። ጋውን ከሥራ ቦታ አይወጣም። ቢያንስ ሁለት ይኑራችሁ፤ በጅማ ክረምት ልብስ ቶሎ ስለማይደርቅ ሦስት ቢሆን ይሻላል። ጥፍር አጭርና ቀለም የሌለው ይሁን። ቀለበት በሥራ ሰዓት ይውለቅ። ባጃችሁ ከፊት ይታይ፤ በሽተኛው ማን እንዳከመው ማወቅ አለበት።

እጅ መታጠብን ሁሉም ያውቀዋል፣ የሚያደርገው ግን ጥቂቱ ነው። በሳሙናና በውሃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ነው። ብዙ ሰው በሽተኛውን ከነካ በኋላ ይታጠባል፤ የአልጋውን ብረት ወይም የግሉኮስ ማንጠልጠያውን ከነካ በኋላ ግን ይረሳል። ጓንትም አያታላችሁ። አንዱን በሽተኛ በነካችሁበት ጓንት ሌላውን ከነካችሁ የጠበቃችሁት ራሳችሁን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1847 ቪየና ውስጥ ሴሜልዋይስ የሚባል ሐኪም ነበር። ከአስከሬን ምርመራ በቀጥታ ወደ ማዋለጃ የሚመጡትን ተማሪዎች በክሎሪን ውሃ እጃቸውን እንዲታጠቡ አደረገ። የወላዶቹ ሞት በጣም ቀነሰ።

አሁን ወደ ንግግሩ ልምጣ፤ እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ጤና ሚኒስቴር በ2008 ዓ.ም. በጀመረው ዕቅድ ባለሙያው ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ እንዲሆን ጠይቋል። ጥሩ ነው። ግን አክብሮት በተግባር ምንድን ነው? «ሰባት ቁጥር፣ ነይ!» ብሎ አለመጥራት ነው። «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» ማለት ነው። ኦሮምኛ ለሚናገሩት ደግሞ «አካም ቡልተኒ?» ማለት ነው። ጅማ እየሠሩ ኦሮምኛ አለመማር አይገባኝም። ከፍትፍቱ ፊቱ ይባል የለ፤ የታመመ ሰው ደግሞ ፊት በደንብ ያነባል።

ከከፋ ወይም ከዳውሮ የመጣ ሰው ቋንቋችሁን ካልቻለ አስተርጓሚ ስትፈልጉ ጥንቃቄ አድርጉ። ብዙ ጊዜ የሚጠራው አብሮ የመጣው ልጅ ነው። እናት ስለ ማህፀኗ ችግር በወንድ ልጇ አፍ እንዴት ትናገር? «ሆዴን ያመኛል» ብላ ታልፋለች፤ እናንተም የሆድ መድኃኒት ትሰጧታላችሁ። ቋንቋዋን የምትችል ሴት ባለሙያ ፈልጉላት፣ መጋረጃውንም ሳቡ። ጊዜ ይወስዳል፣ ይውሰድ።

መድኃኒት ስታስረዱም «በቀን ሦስት ጊዜ» ብላችሁ አትለፉ። በየስምንት ሰዓቱ ከሆነ ጠዋት 12፣ ከቀኑ 8፣ ማታ 4 ሰዓት ብላችሁ ንገሩ። ረመዳን ወይም ሌላ ጾም ከሆነ ይጾሙ እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ የቀኑን ኪኒን ዝም ብለው ይተዉታል፣ ለእናንተም አይነግሩም። ስትጨርሱ «ገባዎት?» አትበሉ፤ ሁሉም ሰው «አዎ» ይላል። «እስቲ አባባ፣ ቤት ሲገቡ እንዴት እንደሚወስዱት ይንገሩኝ» በሏቸው። ከተሳሳቱ እንደገና አስረዷቸው፤ በሩ ላይ ወረፋ ቢኖርም።