ኮዱ ለሁሉም ክፍት ከሆነ ለሌባስ አይከፈትም?

ጥያቄ፦ የምኖረው ስቶክሆልም ነው። ያለኝን ጥቂት ቢትኮይን ከስልኬ አውጥቼ በሃርድዌር ዋሌት (የገንዘቡን ቁልፍ በሚይዝ አነስተኛ መሣሪያ) ለማስቀመጥ ወስኛለሁ፤ የመረጥኩትም ትሬዘር የተባለውን ነው። አንድ ወዳጄ ግን «የዚህ መሣሪያ ኮድ ኦፕን ሶርስ፣ ማለትም ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ሌባም ያነበዋል፤ ኮዱን የሚደብቅ ድርጅት ይሻልሃል» ብሎ አሳሰበኝ። በተጨማሪም ዋሌቱን መልሶ ለማግኘት የሚያገለግሉትን 24ቱን የሲድ ፍሬዝ ቃላት አብረውኝ የሚኖሩ ሰዎች እንዳይረዷቸው በእኛ ፊደል፣ ወይም ወደ አማርኛ ተርጉሜ ልጽፋቸው አስቤአለሁ። ሲድ ፍሬዝ የሚያወጡ ድረ ገጾችም አይቻለሁና ስለ እነሱም ብትነግሩኝ።
ገ.፣ ከስዊድን

መልስ፦ የወዳጅዎ ስጋት የብዙ ሰው ስጋት ነው፤ መነሻውም ምስጢሩ ኮዱ ውስጥ ያለ መምሰሉ ነው። ምስጢሩ ያለው ግን መሣሪያው መጀመሪያ ሲዘጋጅ በዕጣ በሚያወጣው፣ የገንዘብዎ ቁልፍ በሆነው አንድ እጅግ ትልቅ ቁጥር (ሲድ) ላይ ብቻ ነው። 24ቱ ቃላት ይህንኑ ቁጥር ሰው በእጁ ጽፎ ሊያስቀምጠው በሚችል መልክ ይገልጹታል፤ እያንዳንዱ ቃል 2048 ቃላት ካሉት ዝርዝር ስለሚወሰድ 11 ቢት (0 ወይም 1 የሆነ አኃዝ) ይይዛል፣ ድምሩም 264 ቢት ይሆናል፤ ከዚህ ውስጥ 256ቱ ዕጣው ሲሆን፣ የቀሩት 8 ቢቶች የአጻጻፍ ስሕተትን ለመለየት የሚያገለግሉ ናቸው። ቢፕ 39 የተባለው ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2013 ከቀረበ ጀምሮ የቃላቱ ዝርዝርም ሒሳቡም በማንም እጅ ይገኛል። ሁሉንም አጥንቶ የጨረሰ ሌባ እንኳ የእርስዎን ቁጥር ለማግኘት ከመገመት ሌላ መንገድ የለውም፤ 256 ቢትን ገምቶ የሚያገኝ ኮምፒውተር ደግሞ የለም።

የኮዱ ክፍት መሆን የሚጠቅመው፣ መሣሪያው የተባለውን ብቻ እንደሚሠራ ከአምራቹ ውጪ ያለ ሰው እንዲመረምር ስለሚያስችል ነው። ትሬዘርን ከ2014 ጀምሮ ለገበያ ያቀረበው የፕራጉ ሳቶሺላብስ ፈርምዌሩን (መሣሪያውን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ለሕዝብ ክፍት ስላደረገ፣ ባለሙያ ኮዱን በራሱ ኮምፒውተር ኮምፓይል አድርጎ (ወደሚሠራ ፋይል ለውጦ) ድርጅቱ ከሚያሠራጨው ፋይል ጋር ሊያመሳክረው ይችላል። ኮዱ ሲደበቅ በእጃችን የሚቀረው የድርጅቱ ቃል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 ሌጀር የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት፣ ደንበኛው ሲፈቅድ ሲዱን አመስጥሮና ከፋፍሎ ለሦስት ድርጅቶች የሚልክ አገልግሎት ሲያስተዋውቅ፣ ቁልፉ ከመሣሪያው ከቶ አይወጣም ብለው ያምኑ የነበሩ ብዙ ደንበኞች ተቆጡ፤ ፈርምዌሩ ዝግ ስለነበር እምነታቸውን አስቀድመው የሚያረጋግጡበት መንገድ አልነበራቸውም።

ይሁን እንጂ ክፍት የሆነ ኮድ ሁሉ የተመረመረ ነው ማለት አይደለም፤ ወዳጅዎ በዚህ ነጥብ ቢከራከሩ እኔም እስማማለሁ። ሊብቢትኮይን ኤክስፕሎረር የተባለው ፕሮግራም ኦፕን ሶርስ ነው። ሆኖም በ3ኛ ተከታታይ ቅጂዎቹ ውስጥ ሲድ የሚያወጣው ትእዛዝ፣ ለምስጢር ሥራ ፈጽሞ ያልታሰበውን መርሴን ትዊስተር የተባለ የቁጥር ማመንጫ ከኮምፒውተሩ ሰዓት እየተነሣ ይጠቀም ነበር። ስለዚህ የሚወጡት ቃላት 24 ሆነው ቢታዩም እውነተኛው ዕጣ 32 ቢት ብቻ፣ ማለትም ወደ 4.3 ቢሊዮን የሚጠጉ አማራጮች ብቻ ነበሩት፤ ይህን ያህሉን ደግሞ አንድ የቤት ኮምፒውተር በቀናት ውስጥ አንድ በአንድ ሞክሮ ይጨርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 ሌቦች በዚህ መንገድ ከ900,000 ዶላር በላይ ከወሰዱ በኋላ ጉድለቱ «ሚልክ ሳድ» በሚል ስም ይፋ ሆነ። ኮዱ ለዓመታት በአደባባይ ቆይቶ ነበር፤ ያንን መስመር በጥርጣሬ ያነበበ ሰው ግን አልተገኘም። ስለዚህ መሣሪያ ሲመርጡ «ክፍት ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን አይበቃም፤ ማን መረመረው፣ ስንት ዓመት ተጠቀሙበት፣ ጉድለት ሲገኝ ድርጅቱ በይፋ ይናገራል ወይ የሚለውንም ይጠይቁ። የክሪፕቶ መገበያያው ክራከን በጃንዋሪ 2020 የትሬዘር ዋንንና የሞዴል ቲን ቺፕ የኤሌክትሪክ ኃይል በማዛባት ሲዱን በ15 ደቂቃ ያህል ማውጣት እንደሚቻል አሳይቷል፤ ለዚህም መሣሪያው በሌባው እጅ መግባት አለበት። መከላከያው ፓስፍሬዝ፣ ማለትም ከ24ቱ ቃላት ሌላ ራስዎ የሚመርጡት የምስጢር ቃል መጨመር ነው። ግን ይጠንቀቁ፤ ፓስፍሬዙን ቢረሱት ወይም አንድ ፊደል ቢሳሳቱ መሣሪያው «ስሕተት ነው» አይልዎትም፤ ሌላ ባዶ ዋሌት ይከፍትልዎታል እንጂ።

መሣሪያውን ከአምራቹ ወይም አምራቹ በድረ ገጹ ከዘረዘራቸው ሻጮች ብቻ ይግዙ። የኮምፒውተር ደኅንነት ድርጅቱ ካስፐርስኪ በ2023 የመረመረው አንድ ሐሰተኛ ትሬዘር ሞዴል ቲ ከውጪ ሲታይ ከእውነተኛው አይለይም ነበር፤ በውስጡ ግን ቺፑ ተቀይሮ፣ ቃላቱን በዕጣ ከማውጣት ይልቅ ሌቦቹ አስቀድመው ካዘጋጇቸው 20 ሲዶች አንዱን ይሰጥ ነበር።

በፊደላችን የመጻፉን ሐሳብ ይተዉት ብዬ አጥብቄ እመክርዎታለሁ። ቢፕ 39 ጃፓንኛና ኮሪያኛን ጨምሮ የሌሎች ቋንቋዎች ዝርዝር አለው፤ የአማርኛ ግን የለውም፤ ስለዚህ የሚሰጥዎት የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። በዝርዝሩ ውስጥ «ትክክል» ወይም «ቀኝ» ማለት የሆነው ራይትም፣ «ጻፈ» ማለት የሆነው ራይትም አሉ፤ በእኛ ፊደል ሁለቱ አንድ ናቸው። ቢተረጉሟቸውም ችግሩ አይቀርም፤ «ክፍል» ብለው የጻፉት ቃል ከዓመታት በኋላ ሩም ይሁን ሴክሽን በምን ያውቃሉ? አንድ ቃል ብቻ ቢያጠራጥር ሁለቱንም ሞክሮ መለየት ይቻላል፤ የሚያጠራጥሩት አምስት ስድስት ሲሆኑና ፈላጊው እርስዎ ሳይሆኑ ወራሽዎ ሲሆን ግን ገንዘቡ ሊቀር ይችላል። ደግሞም አማርኛ አንባቢ ከሆነ የቤት ሰው ፊደላችን ምንም አይሰውርም። በላቲን ፊደል፣ በተሰጠዎት ቅደም ተከተል፣ ቁጥር እየሰጡ በግልጽ ይጻፏቸው፤ ወረቀቱን የሚሰውረው የሚቆለፍ ቦታ ይሁን።

ድረ ገጽ ላይ ሲድ አያውጡ። በኢያን ኮልማን ስም የሚታወቀው የቢፕ 39 መሣሪያ ኦፕን ሶርስ ነው፤ ፋይሉ ወርዶ ከኢንተርኔት በተለየ ኮምፒውተር ላይ እንዲሠራ ሆኖ ተዘጋጅቷል፤ ነገር ግን ስሙን አስመስለው የተከፈቱ የሌባ ገጾች ሊያጋጥሙ ስለሚችሉ ለጀማሪ አልመክረውም። የመሣሪያውን ዕጣ የማያምኑ ከሆነ ዳይስ (ባለ ስድስት ገጽ የዕጣ ጠጠር) መወርወር ይችላሉ፤ ራስበሪ ፓይ ዜሮ በተባለው ርካሽ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራው ሲድሳይነር ዳይስ 99 ጊዜ ተወርውሮ የወጡትን ቁጥሮች ተቀብሎ 24 ቃላት ያወጣል።

ቃላቱን ፎቶ አያንሷቸው፤ የስልክ ፎቶ ሳናውቀው ወደ ክላውድ ይጫናል። ቴሌግራም ላይ ለራስ በሚላክ መልእክትም አያስቀምጧቸው። ብዙ ገንዘብ ከማስገባትዎ በፊት የዋሌቱን የመጀመሪያ አድራሻ መዝግበው በመሣሪያው ላይ ያለውን ሁሉ ይደምስሱና ዋሌቱን ከወረቀቱ ይመልሱት፤ ያው አድራሻ ከመጣ ወረቀቱ ልክ ነው።

ጥያቄ፦ በዋሌቴ አምራች ስም የታተመ ደብዳቤ በፖስታ ደረሰኝ። «ለደኅንነት ሲባል» ኪውአር ኮዱን ስካን አድርጌ 24ቱን ቃላት እንዳስገባ ይጠይቃል። የቤቴን አድራሻ እንዴት አወቁት?
ሰ.፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ ደብዳቤው የሌባ ነው። የገዢዎች ዝርዝር ከሻጮች ይሾልካል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከሌጀር የሾለከው ብቻ ወደ 270,000 የሚጠጉ ደንበኞችን ስም፣ ስልክና የቤት አድራሻ የያዘ ነበር፤ በ2021 ከእነዚህ ደንበኞች ለአንዳንዶቹ ሐሰተኛ መሣሪያ ጭምር በፖስታ ተልኮላቸዋል። የትኛውም አምራች ቃላትዎን አይጠይቅም። ቃላቱን አስገብተው ከሆነ ፒን መቀየር አይጠቅምም፤ ሌባው መሣሪያዎን አያስፈልገውምና። በመሣሪያው ላይ አዲስ ሲድ አውጥተው ያለዎትን ሁሉ አሁኑኑ ወደ አዲሱ አድራሻ ያዛውሩ።